ዕውሩ ቴሬስያስና ነቢዩ ናታን፦ የተናገሩት መፈጸሙ ብቻውን ነቢይ ያደርጋልን?

መግቢያ

በአዲስ ኪዳን ዳራ ትምህርት የግሪኮችን የትንቢት ልማድ ስናጠና አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይህ ቴሬስያስ የሚባል ሰው የተናገረው ሁሉ ከተፈጸመ፣ ከነቢያት በምን ይለያል?» ሲል ጠየቀ። ጥቂት ተማሪዎች ሳቁ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በየጉባኤዎቻችን አንድ አገልጋይ የማያውቀውን ሰው ስም ወይም የስልክ ቁጥር ሲጠራ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ሳይመረምር የሚከተለውም ብዙ ነው። «ልክ ተናገረ» የሚለው ምስክርነት ብቻውን በቂ ሆኖ ይታያል። ተማሪው የጠየቀው ስለ ጥንቱ ግሪክ ይምሰል እንጂ ስለ እኛም ነበር።

በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር፤ «የእርሱ ከአጋንንት ነው» ብዬ አለፍሁ። ተማሪው በአክብሮት ዝም አለ፤ እንዳልረካ ግን ከፊቱ ይነበብ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ለማሻሻል የተደረገ ሙከራ ነው። በቅድሚያ በግሪኮች ዘንድ ባለ ራእይ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር እናያለን፤ ቀጥሎም ቴሬስያስ በግሪክ ባለቅኔዎች እንዴት እንደ ተሣለ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም በንጉሥ ዳዊት ፊት ከቆመው ከናታን ጋር እናነጻጽረዋለን። የምደርስበትን ከወዲሁ ለመናገር፣ የነቢይ መለያ የተሰወረውን ማወቁ አይደለም፤ ማን እንደ ላከውና ሰሚውን ወደ ማን እንደሚመልስ ነው።

ባለ ራእይ እንደ ሙያ

ግሪኮች ባለ ራእዩን «ማንቲስ» ይሉት ነበር። ማንቲስ በአብዛኛው በአንድ ቤተ መቅደስ የተወሰነ ካህን አልነበረም። ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘዋወር፣ ከጦር ሠራዊት ጋር የሚዘምት፣ በሀብታሞች ቤት የሚጠራ ባለሙያ ነበር። የወፎችን በረራና ድምፅ ይመለከታል፤ የታረደውን እንስሳ ጉበት ያገላብጣል፤ የመሥዋዕቱን እሳት አነዳድ ያያል፤ ሕልም ይፈታል። ጉበት መመልከት የግሪኮች ብቻ ልማድ እንዳልነበረ ከትንቢተ ሕዝቅኤል እናውቃለን፤ የባቢሎን ንጉሥ በመንታ መንገድ ቆሞ ያደረገው ይህንኑ ነበር (ሕዝ. 21፥21)።

ሙያው ገቢ ነበረው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ በ479 ዓ.ዓ. በፕላቴያ ጦርነት ለግሪኮች መሥዋዕት የተመለከተው የኤሊሱ ሰው ቲሳሜኖስ ለአገልግሎቱ የጠየቀው የስፓርታን ዜግነት ነበር። ስፓርታውያን ዜግነታቸውን ለባዕድ የሚሰጡ ሰዎች አልነበሩም፤ በመጀመሪያ ተቆጡ፤ የፋርስ ጦር ሲያስፈራቸው ግን እሺ አሉ። እርሱም የሚፈልጉት መሆኑን ሲያይ ዋጋውን ጨመረ፤ ወንድሙም ዜጋ እንዲሆን ጠየቀ፤ ተሰጠው። የአቴናው ኢሶቅራጥስ ባዘጋጀው አንድ የክርክር ጽሑፍ ደግሞ ትራሲሎስ የሚባል ሰው የባለ ራእይነት መጻሕፍትን ከወዳጁ ወርሶ፣ በሙያው እየዞረ ሀብታም እንደ ሆነ ተጽፏል። ፕላቶም «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ የባለጠጎችን በር እያንኳኩ በመሥዋዕትና በድግምት ኃጢአት እናስወግዳለን የሚሉ ባለ ራእዮችን ይነቅፋል።

እዚህ ላይ በእስራኤልም ተመሳሳይ አስተሳሰብ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ሳኦል የጠፉትን የአባቱን አህዮች ሲፈልግ ወደ ሳሙኤል ለመሄድ ያመነታው የሚያቀርበው ስጦታ ስላልነበረው ነው፤ ብላቴናው ሩብ ሰቅል ብር ሲያገኝ ነው መንገዳቸውን የቀጠሉት (1ሳሙ. 9፥7-8)። ሳኦል ሳሙኤልን የገመተው የጠፋ ነገር አመልካች ባለ ራእይ አድርጎ ነበር። ያገኘው ግን ከዚያ በላይ ሆነ፤ አህዮቹ መገኘታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎ ስለ መንግሥቱ ተነገረው። ሳሙኤልም በዕድሜው መጨረሻ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደ ወሰደ ይመሰክሩበት ዘንድ ሕዝቡን ሁሉ ጠየቀ (1ሳሙ. 12፥3)።

የማንቲስ ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከገንዘብ ሊበልጥ ይችል ነበር። በ413 ዓ.ዓ. በነሐሴ ወር ማለቂያ በኒቅያስ የሚመራው የአቴና ሠራዊት በሲሲሊ ደሴት በሲራኩስ አጠገብ ተጨንቆ ለመሸሽ ሲዘጋጅ ጨረቃ ተጋረደች። ባለ ራእዮቹ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ፣ ማለትም 27 ቀን መቆየት እንደሚገባ ተናገሩ። ቱሲዲደስ እንደጻፈው ኒቅያስ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ከልክ በላይ ያደላ ነበርና ከዚያ በፊት ስለ መሄድ እንኳ አልነጋገርም አለ። በእነዚያ ቀናት ጠላት የወደቡን አፍ ዘጋ። ሠራዊቱ ጠፋ፤ ኒቅያስ ተገደለ፤ ከ7,000 የማያንሱ ምርኮኞች በድንጋይ መፍለጫ ጉድጓዶች ታጎሩ። ወሬው አቴና ሲደርስ ሕዝቡ ድል ታገኛላችሁ ብለው ባበረታቱት ባለ ራእዮች ላይ ተቆጣ። ቁጣው ግን የሞቱትን አልመለሰም።

የማይሳሳተው ቴሬስያስ

በታሪክ የነበሩት ባለ ራእዮች እንዲህ ሲሳሳቱ፣ በአፈ ታሪክ የሚነገርለት ቴሬስያስ ግን ተሳስቶ አያውቅም። የቴብስ ከተማ ሰው ነው፤ አባቱ ኤቬሬስ፣ እናቱ ካሪክሎ የምትባል የምንጭ አምላክ ናት። ዕውር ነው። እንዴት እንደ ታወረ ግሪኮች በአንድ ቃል አይናገሩም። አንዱ ታሪክ የሚጣመሩ እባቦችን በበትር መትቶ ወደ ሴትነት እንደ ተለወጠ፣ ከዓመታት በኋላም ወደ ወንድነት እንደ ተመለሰ ይተርካል። ዜውስና (በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሐዋ. 14 «ድያ» የተባለው) ሚስቱ ሄራ ከወንድና ከሴት ማን በሩካቤ የበለጠ ደስ እንደሚለው ሲከራከሩ ሁለቱንም የሚያውቅ እርሱ ነውና ጠየቁት። መልሱ ሄራን አስቆጣት፤ አሳወረችው። ዜውስም የባለ ራእይነትን ስጦታና ረጅም ዕድሜን ሰጠው። ባለቅኔው ካሊማኮስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. የጻፈው ሌላ ነው፤ ወጣቱ ቴሬስያስ ውኃ ፍለጋ ሲሄድ አምላኳ አቴና ስትታጠብ ሳያስብ ስላየ ታወረ። እናቱ ስታለቅስ አቴና የአማልክት ሕግ አይሻርም ብላ፣ በምትኩ የወፎችን ቋንቋ እንዲረዳ አደረገችው፤ መሪ በትርም ሰጠችው። ሦስተኛው ታሪክ ደግሞ የአማልክትን ምስጢር ለሰዎች ስለ ገለጠ ተቀጣ ይላል።

በሦስቱም አንድ የጋራ ነገር አለ። አማልክቱ በባለ ራእዩ በኩል ለሰው ሊናገሩ የፈለጉት መልእክት የለም። ስጦታው የጠብ ማካካሻ ወይም የማይሻር ቅጣት ማለዘቢያ ነው፤ በሦስተኛው ታሪክ እንዲያውም ለሰው መናገር ራሱ ጥፋት ነው። የነቢያትን መጠራት ከዚህ ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ ይታያል። ኢሳይያስ ወደ ሕዝቡ የሚሄድለት የሚፈልግ አምላክን ድምፅ ሰማ (ኢሳ. 6)፤ ኤርምያስ ገና ሳይወለድ ለአሕዛብ ነቢይ እንዲሆን ተወስኖለት ነበር (ኤር. 1)። የነቢያት ጥሪ የሚጀምረው እግዚአብሔር ለሰው ሊናገር ከመፈለጉ ነው።

ቴሬስያስ ከሞተ በኋላም ዝናው አልሞተም። በሆሜር «ኦዲሲ» ኦዲሴዎስ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ለማወቅ ወደ ሙታን ዓለም ዳርቻ ይሄዳል፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የበጎች ደም ያፈስሳል። ሌሎቹ ሙታን እንደ ጥላ አእምሮ የላቸውም፤ ቴሬስያስ ግን ከነአእምሮው ነው። ደሙን ጠጥቶ፣ የፀሐይ አምላክን ከብቶች እንዳይነኩ ያስጠነቅቃል፤ ሰዎቹ ነኩ፤ ሁሉም ጠፉ፤ ኦዲሴዎስ ብቻ ተረፈ። ይህን ያነበበ መጋቢ ሳኦል በዓይንዶር ያደረገውን ማሰቡ አይቀርም (1ሳሙ. 28)። ነገር ግን በሆሜር ይህ ጉዞ የጀግናው ታላቅ ሥራ ሆኖ ሲከበር፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የሳኦል የመጨረሻ ውድቀት ሆኖ ተጽፏል። ሳኦል እውነት ሰማ፤ የሰማው እውነት ግን አላዳነውም።

በቴብስ ቤተ መንግሥት

ቴሬስያስን ይበልጥ የምናውቀው ከሶፎክለስ ተውኔቶች ነው። «አንቲጎኔ» ከ440 ዓ.ዓ. ገደማ የተጻፈ ነው። ንጉሥ ክሬዎን የወንድሙ ጠላት ሆኖ በጦርነት የሞተው ፖሊኔቄስ እንዳይቀበር አዘዘ፤ ወንድሟን የቀበረችውን አንቲጎኔን ከነሕይወቷ በዋሻ መቃብር ዘጋባት። በዚያን ጊዜ ዕውሩ ሽማግሌ በብላቴና እየተመራ ሳይጠራ መጣ። ወፎቹ እርስ በርስ ሲቧጨሩ መስማቱን፣ መሥዋዕቱ አልነድ ማለቱን፣ መሠዊያዎቹ ውሾችና ወፎች ከሬሳው ባመጡት እንደ ረከሱ ተናገረ። መሳሳት የሰው ሁሉ ነው፤ ተሳስቶ መመለስ ግን ጥበብ ነው ብሎ መከረው። ክሬዎን የባለ ራእዮችን ዘር ሁሉ ገንዘብ ወዳድ ብሎ ሰደበ። ሽማግሌውም ከአብራኩ ክፋይ አንዱን በሬሳ እንደሚከፍል ነግሮት ሄደ። ክሬዎን ደነገጠ፤ ተመለሰም። ነገር ግን አስቀድሞ ሬሳውን ሊቀብር ሄደ፤ ወደ ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ታንቃ ነበር፤ ልጁ ሃይሞን ራሱን ገደለ፤ ሚስቱም ተከተለች።

እውነቱን ለመናገር ቴሬስያስ እዚህ ላይ ለነቢይ በጣም ይቀርባል። ለንጉሥ አያጎበድድም፤ ስለ ሙታን ክብር ይቆማል፤ ተመለስ ይላል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያነቡ ሊንቁት አይገባም። የአሕዛብ ባለቅኔ ኃያላን ተግሣጽ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ተግሣጽን የሚሰማ ንጉሥም ጥቂት እንደሆነ ተረድቶ ነበር። በሆሜር «ኢሊያድ» ንጉሥ አጋሜምኖን ካልካስ የተባለውን ባለ ራእይ መልካም ነገር ነግረኸኝ አታውቅም ብሎ ሲወቅሰው፣ አክዓብ ስለ ሚክያስ የተናገረውን የሚያስታውስ ሁሉ ያስተውላል (1ነገ. 22፥8)።

«ንጉሥ ኤዲፐስ» በተባለው ተውኔት ግን ነገሩ ይለወጣል። ቴብስ በመቅሠፍት ትሞታለች። የዴልፊው አፖሎ የቀድሞውን ንጉሥ ላይዮስን የገደለው ሰው ከከተማይቱ እንዲወገድ ይላል። ኤዲፐስ ገዳዩን ሳያውቅ በሕዝብ ፊት ይረግመዋል፤ ከዚያም ቴሬስያስን ያስጠራል። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ተልኮበት በግድ መጣ፤ ወደ ቤቴ ስደደኝ ብሎ ለመነ። ሁሉን ያውቃል፤ መናገር ግን አይፈልግም። ኤዲፐስ ተቆጥቶ የግድያው ተባባሪ ነህ ሲለው፣ እርሱም ተቆጥቶ የምትፈልገው ነፍሰ ገዳይ አንተው ነህ ብሎ አወጣው። ንጉሡ አላመነም፤ ዕውርነቱን ሰደበ፤ ከክሬዎን ጋር ለዙፋኔ አሢረሃል አለው። ቴሬስያስም የአፖሎ እንጂ የአንተ ባሪያ አይደለሁም፤ አንተ ዓይን ኖሮህ ያለህበትን አታይም አለው። በመጨረሻ እውነቱ ሲገለጥ፣ አባቱን ሳያውቅ የገደለው፣ እናቱን ሳያውቅ ያገባው ኤዲፐስ የራሱን ዓይኖች በራሱ እጅ አወጣ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ኤዲፐስ በቴብስ ለብዙ ዓመታት ነግሦ፣ አራት ልጆች ወልዷል። ቴሬስያስ በዚያ ዘመን ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። ኤዲፐስ ራሱ ይህን ክሬዎንን ይጠይቀዋል፤ ባለ ራእዩ ያኔ ለምን አልተናገረም? ክሬዎን መልስ የለውም። እውነትን ያወጣው የላኪ ትእዛዝ ሳይሆን የሽማግሌ ቁጣ ነው። እግዚአብሔር ሕዝቅኤልን እንደ ጉበኛ ሲያስቀምጠው ግን ዝምታ አማራጭ አልነበረም፤ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጉበኛ ስለ ደሙ ይጠየቃል (ሕዝ. 33)።

ቴሬስያስ እና ናታን

አሁን 2ሳሙኤል 12ን እንክፈት። መመሳሰሉ ያስደንቃል። በሁለቱም ታሪክ የተሰወረ ግድያ አለ፤ በሁለቱም ያልተገባ ጋብቻ አለ፤ በሁለቱም ንጉሥ በራሱ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ፍርድ ይሰጣል፤ በሁለቱም የእግዚአብሔር ወይም የአማልክት ሰው ነኝ የሚል በፊቱ ቆሞ ያ ሰው አንተ ነህ ይለዋል። ልዩነቶቹም የሚታዩት በዚሁ ነው።

አንደኛ፣ ቴሬስያስ በንጉሡ ተጠርቶ መጣ፤ ናታን በእግዚአብሔር ተልኮ መጣ። ምዕራፉ የሚጀምረው በመላኩ ነው። ዳዊት አላስጠራውም፤ ቢችል ባይመጣ በወደደ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቴሬስያስ በቁጣ ተናገረ፤ ናታን የአንዲት ትንሽ በግ ታሪክ ይዞ መጣ። የንጉሡን ክብር ከመስበሩ በፊት የንጉሡን ሕሊና ቀሰቀሰ። ከእኛ ስንቶቻችን የተገለጠልንን ነገር በስድብ መካከል ወርውረነዋል? ያን ጊዜ ቃሉ ልክ ቢሆንም እንኳ ሰሚው የሚሰማው ቁጣችንን ነው።

ሦስተኛ፣ ኤዲፐስ ጥፋቱን የፈጸመው ሳያውቅ ነው፤ ከመወለዱ በፊት ተነግሮበት ነበር፤ ሊሸሸው ሲሮጥ ገባበት። ስለዚህ ቴሬስያስ የገለጠለት እውነት በር የለውም፤ ንስሐ የሚገባበት ነገር እንኳ ግልጽ አይደለም። ዳዊት ግን አውቆ አደረገ፤ ጥፋቱም የከፋ ነው። ነገር ግን ኃጢአቱን በተናዘዘበት በዚያው ቅጽበት ናታን እግዚአብሔር ኃጢአቱን እንዳስወገደለት ነገረው (ቍ. 13)። መዘዙ አልቀረም፤ ሕፃኑ ሞተ፤ ሰይፍ ከቤቱ አልራቀም። ቢሆንም በናታን ቃል ፍርድና ምሕረት በአንድ አፍ መጡ። ለኤዲፐስ ይህን የሚለው አፍ በዚያ መድረክ ላይ አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ዓይኑን አወጣ፤ ሌላው ልቡን አፈሰሰ።

አራተኛው ልዩነት በመጀመሪያ እይታ ለእኛ ወገን የሚያደላ አይመስልም። ቴሬስያስ አይሳሳትም፤ ናታን ግን ተሳስቶ ያውቃል። ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲለው ናታን በልብህ ያለውን አድርግ አለው። በዚያው ሌሊት እግዚአብሔር አረመው፤ ናታንም ተመልሶ የመጀመሪያውን ቃሉን የሚሽር ቃል ለንጉሡ ነገረ (2ሳሙ. 7፥3-17)። ይህ ለናታን ውርደት አይደለም፤ ታማኝነቱ የታየበት ነው። ዝናውን ለማዳን ዝም አላለም። የቴሬስያስ አለመሳሳት ደግሞ የሚመጣው ከየት ነው? መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቀው ደራሲ በአፉ ስላደረገው ነው። ሶፎክለስ የባለ ራእዩንም ቃል፣ የቃሉንም ፍጻሜ ጻፈ። በ413 የነበሩት የሥጋና የደም ባለ ራእዮች ግን እንዲህ ያለ ደራሲ አልነበራቸውም። የማይሳሳት ባለ ራእይ የሰው ምኞት የፈጠረው ሥዕል ነው፤ ዛሬም አንድን አገልጋይ «እርሱ ተሳስቶ አያውቅም» ስንል የምንሥለው ያንኑ ነው።

ከዚህ ጋር ዮናስን እናስብ። ነነዌ በ40 ቀን እንደምትገለበጥ ተናገረ፤ አልተገለበጠችም። በግሪኩ መድረክ ይህ የባለ ራእዩ ውድቀት በሆነ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን የእግዚአብሔር ምሕረት ድል ነው፤ ሕዝቡ ተመልሷልና (ዮና. 3፤ ኤር. 18፥7-8)። ኤርምያስ ሐሰተኞችን ነቢያት የመዘነበትም ሚዛን ይኸው ነው፤ በእግዚአብሔር ምክር ቆመው ቢሆን ኖሮ ሕዝቡን ከክፉ መንገዱ በመለሱት ነበር (ኤር. 23፥21-22)።

ከእስክንድርያ እስከ ፊልጵስዩስ

የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. ጀምሮ ወደ ግሪክኛ ሲተረጎሙ፣ ተርጓሚዎቹ ይህን ልዩነት በቃል ምርጫቸው አሳይተዋል። ሳሙኤል «ባለ ራእይ» በተባለበት በ1ሳሙኤል 9፥9 «ማንቲስ» ብለው ሊተረጉሙ ይችሉ ነበር፤ የሚነበበው ዓለም ቃሉን ያውቀዋል። እነርሱ ግን «የሚያይ» ማለት የሆነውን «ብሌፖን» መረጡ። «ማንቲስ» የሚለውን ለበለዓም (ኢያ. 13፥22)፣ ለፍልስጥኤማውያን ጠንቋዮች (1ሳሙ. 6፥2)፣ በገንዘብ ለሚያሟርቱት (ሚክ. 3፥7) ተዉት። ለእግዚአብሔር መልእክተኛ «ፕሮፌቴስ» አሉ፤ ስለ ሌላው ሆኖ የሚናገር ማለት ነው። ይህም ቃል በግሪኮች መቅደሶች የታወቀ ነበርና ቃሉ ራሱ ንጹሕ ስለሆነ አልነበረም የመረጡት። አዲስ ኪዳንም «ማንቲስ» የሚለውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠቀምም። ማሟረት የሚለው ግሥ የሚገኘው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ እርሱም በፊልጵስዩስ ነው (ሐዋ. 16፥16)።

በአማርኛው «የምዋርተኝነት መንፈስ» የተባለው በግሪክኛው «ፒቶን» ነው። ፒቶን አፖሎ በዴልፊ ገደለው የሚባለው እባብ ስም ነው፤ የዴልፊዋ ትንቢት ተናጋሪም ከዚሁ የተነሣ ፒቲያ ትባል ነበር። እንግዲህ ቴሬስያስ በሶፎክለስ ተውኔት ባሪያው ነኝ ያለው አፖሎ ስሙ በዚህች ገረድ ታሪክ ጥላውን ጥሏል። ልጅቷ ለጌቶቿ ብዙ ትርፍ ታመጣ ነበር። ስለ ጳውሎስና ስለ ሲላስ የተናገረችውም ሐሰት አልነበረም፤ የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች መሆናቸውን፣ የመዳንን መንገድ መስበካቸውን ተናገረች። ማስታወቂያ ለሚፈልግ አገልጋይ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይገኝም። ጳውሎስ ግን አዝኖ መንፈሱን አስወጣ። ትክክለኛ ንግግር መንፈሱን ትክክለኛ አላደረገውም፤ ትርፉም ልጅቷን ባሪያ አድርጎ የያዛት ሰንሰለት ነበር።

ለአገልግሎታችን

ሙሴ ይህን አስቀድሞ ጽፎታል። የተናገረው ባይፈጸም ያ ሰው ከእግዚአብሔር አልተላከም (ዘዳ. 18፥22)፤ ነገር ግን ምልክቱ ቢፈጸምም እንኳ ወደ ሌሎች አማልክት ቢመራ ሊሰሙት አይገባም (ዘዳ. 13፥1-3)። አለመፈጸሙ ሐሰተኛውን ይገልጣል፤ መፈጸሙ ብቻውን ግን እውነተኛውን አያጸድቅም። እኛ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን እንረሳለን።

ስለዚህ በየአጥቢያችን የሚነሡትን ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎች ይረዱናል። የተነገረው ቃል ሰሚውን ወደ ክርስቶስ መለሰው ወይስ ወደ ተናጋሪው? ጳውሎስ በቆሮንቶስ የልብ ምስጢር ሲገለጥ የሚጠብቀው ውጤት፣ እንግዳው በግንባሩ ወድቆ ለእግዚአብሔር እንዲሰግድ ነው (1ቆሮ. 14፥24-25)፤ ለነቢዩ እንዲሰግድ አይደለም። ተናጋሪው ሌሎች እንዲመዝኑት ይፈቅዳል ወይ (1ቆሮ. 14፥29)? እንደ ናታን ተመልሶ «ቀድሞ የተናገርሁት ከራሴ ነበር» ማለት ይችላል ወይ? ከቃሉ ጋር የሚሄደው ገንዘብስ የማን ነው? ኤልሳዕ የንዕማንን ስጦታ አልቀበልም ሲል፣ ግያዝ ግን ተከትሎ ሮጠ (2ነገ. 5)።

ይህን ስል የትንቢት ስጦታን ለማጥፋት አይደለም፤ ሐዋርያው ትንቢትን እንዳንንቅ፣ ሁሉንም ግን እንድንፈትን አዝዞናል (1ተሰ. 5፥20-21)። መጋቢ ሆነው ለሚያገለግሉት ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ዩሪፒደስ «የፊንቄ ሴቶች» በተባለው ተውኔቱ ቴሬስያስ ስለ ሙያው እንዲያማርር አድርጎታል፤ መራራውን ቢናገር ይጠላል፤ ስለ ርኅራኄ ቢዋሽ ደግሞ አማልክትን ይበድላል። ከቀብርና ከሽምግልና መልስ ይህን ጭንቀት የማያውቅ መጋቢ የለም። ቴሬስያስ ግን ከሁለቱ መካከል መውጫ አላገኘም። እኛ መራራውን እውነት የምንናገረው ስለ ኃጢአት የሞተውን እየሰበክን ነውና፣ እውነቱን ስናለዝብም ሆነ ምሕረቱን ስንደብቅ የላከንን እንበድላለን።

ማጠቃለያ

በሁለተኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. ቴብስን የጎበኘው ፓውሳንያስ ቴሬስያስ ወፎችን ይመለከትበት ነበር የሚባለውን ስፍራ ሰዎች አሁንም ያሳዩ እንደ ነበር ጽፏል። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የኖረው የዴልፊው ካህን ፕሉታርክ ደግሞ በኦርኮሜኖስ የነበረው የቴሬስያስ የትንቢት ስፍራ፣ ብዙ ሰው ከፈጀ መቅሠፍት በኋላ ፈጽሞ ዝም እንዳለ ይናገራል። ሰዎቹ በጨነቃቸው ጊዜ የማይሳሳተው ባለ ራእይ የሚላቸው አልነበረውም።

ለተማሪዬ ዛሬ ብመልስለት እንዲህ እለዋለሁ። ወዳጄ፣ ቴሬስያስ ከነቢያት የሚለየው በማወቁ አይደለም፤ ብዙ ያውቅ ነበር ተብሎለታል። የሚለየው የሚያውቀውን ይዞ ወደ ኃጢአተኛው የላከው አባት ስላልነበረው ነው። አንተ የምትቆምበት መድረክ ግን ላኪ አለው። እሑድ ጠዋት በፊትህ የሚቀመጡት ሰዎች ምስጢራቸውን የሚያውቅላቸው ሰው ብዙም አያስፈልጋቸውም፤ ምስጢራቸውን እነርሱም ያውቁታል። የሚያስፈልጋቸው እግዚአብሔር እያወቀው እንዴት ይቅር እንደሚል የሚነግራቸው ነው።